የውኃ ማለስለሻውን የት ልግጠመው?

ጥያቄ፦ «የቤታችን ውኃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የቦይለሩ ኤለመንት በ2 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ተቃጥሏል። ስለዚህ የውኃ ማለስለሻ ገዝቼ ራሴ ልገጥም አስቤያለሁ፤ የቤቱን የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር የዘረጋሁትም እኔ ነኝ። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ጣሪያ ላይ ታንከር አለን፣ ከዚያ የሚወርደው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ነው። ማለስለሻውን ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከታንከሩ በፊት ባደርገው መላ ቤቱን ያዳርሳል ብዬ ነበር። ሻጩ ከዚያ በኋላ ውኃውን ሳናፈላ መጠጣት እንደምንችል፣ በቲዲኤስ መለኪያዬ (ውኃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚያሳየው) አሁን 480 የሚያሳየው ቁጥርም እንደሚወርድ ነግሮኛል። እውነት ነው? ጨውስ የወጥ ቤት ጨው ይሆናል? 5 ሰዎች ነን።»

ምላሽ፦ ሻጩ የነገረዎት ሁለቱም ስህተት ነው፤ እርስዎ ያሰቡት ቦታም አይሆንም። የቧንቧ ሥራውን ግን ይችሉታል። መስመር የዘረጋና ፒፒአር የበየደ ሰው ማለስለሻ መግጠም አያቅተውም፣ ሥራውም በአንድ ቀን ያልቃል። እስካሁን እንዳስተካክላቸው የተጠራሁባቸው ማለስለሻዎች አብዛኞቹ መገጣጠሚያቸው ደረቅና ንጹሕ ነበር። ችግራቸው ቧንቧው የተቆረጠበት ቦታ ነው።

ጠንካራ ውኃ የምንለው በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሟሟበትን ውኃ ነው። ሲሞቅ በውስጡ ያለው ካልሲየም ባይካርቦኔት ይፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ የቀረው ካልሲየም ካርቦኔት ኖራ ሆኖ የጋለ ነገር ላይ ይለጠፋል። ኤለመንትዎን የሚገድለው ይህ ነው። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውኃው እንዳያልፍ ሲከላከል ኤለመንቱ በገዛ ሙቀቱ ይጋይና ይበጠሳል። ቀዝቃዛው መስመር ላይ ግን ኖራው ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፤ ብዙ ጊዜም የሻወር ወንፊትና የሩቢኔት አፍ ላይ ብቻ ይታያል። ይህቺን ልዩነት ይያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ማለስለሻው ውስጥ ያለው ሬዚን ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል ነው። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመው ይጠብቃሉ፤ አንድ ካልሲየም ሲይዙ ሁለት ሶዲየም ይለቃሉ። ሶዲየም ሲሞቅ ቅርፊት አይሠራም፣ ሳሙናንም አያረጋም። ሬዚኑ በካልሲየም ሲሞላ ከጨው ገንዳው የተሳበ የጨው ውኃ ያልፍበታል፣ ሶዲየሙ ቦታውን መልሶ ይይዛል፣ ካልሲየሙ በፍሳሽ ይሄዳል፤ ይህ እድሳት ይባላል። መሣሪያው የሚሠራው ይህን ብቻ ነው። ጀርም አይገድልም፤ ፍሎራይድም ሆነ ናይትሬት አያስወግድም። ዛሬ የሚያፈሉት ውኃ ከሆነ ነገም ያፈሉታል። እንዲያውም ለሳምንታት ሳይሠራ የቆመ ሬዚን ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ሊሆን ስለሚችል፣ ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ መጀመሪያ በእጅ አንድ እድሳት ያስጀምሩት።

የቲዲኤስ መለኪያዎን ለዚህ ሥራ ይርሱት። መለኪያው የሚያነበው ውኃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ካልሲየሙ ሄዶ ሶዲየም ሲተካ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይጨምራል። ምክንያቱም በሒሳብ 40 ግራም ካልሲየም ወጥቶ የሚገባው ሶዲየም 46 ግራም ነው። ብዙ ሰው ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ በዚህ መለኪያ ለክቶ «አይሠራም» ብሎ ይፈታዋል። በትክክል የሚሠራ ማለስለሻ በዚህ ምክንያት ተፈትቶ ሲመለስ አይቻለሁ።

የሚያስፈልግዎ የጥንካሬ መለኪያ ጠብታ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ውኃ ላይ ጠብታውን እየቆጠሩ ያንጠባጥባሉ፣ ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ያቆማሉ፣ የጠብታው ብዛት ጥንካሬውን ይነግርዎታል። ውጤቱ የሚጻፈው በካልሲየም ካርቦኔት ልክ፣ በሚሊ ግራም በሊትር ነው። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ጠብታው እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ጠርሙስ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ሳሙና ጨምረው ይናጡት፤ አረፋው ቶሎ ከሞተና ውኃው ወተት ከመሰለ ጠንካራ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ግን ለዚህ አይጠቀሙ፤ እርሱ በጠንካራ ውኃም አረፋ ያወጣል። የሚለኩት ቁጥር ከ120 በታች ከሆነ ማለስለሻ አይግዙ። በዓመት አንዴ ቦይለሩን ከፍቶ ቅርፊቱን ማጠብ ይበቃዎታል። የእርስዎ ኤለመንት በዚህ ፍጥነት መቃጠሉን ሳይ ግን ከዚያ በጣም በላይ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ለስሌት እንዲያመቸን 300 ነው እንበል።

በ300 ጥንካሬ የለሰለሰ ውኃ በሊትር 138 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨመርበታል። ሒሳቡ ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም ጥንካሬ 0.46 ነው። በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ ሰው 276 ሚሊ ግራም ያገኛል ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የቀን ጣሪያ 2,000 ነው። ለጤነኛ አዋቂ ብዙ አይደለም። ጨው እንዲቀንስ በሐኪም ለታዘዘ ሰው፣ እንዲሁም በዱቄት ወተት ለሚያድግ ሕፃን ግን ሳያስፈልግ የሚጨመር ነው። አትክልትም አይወደውም፤ ሶዲየም አፈሩን እያጠበቀ ውኃ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ስለዚህ የመጠጥ፣ የማብሰያና የአትክልት ውኃ ከማለስለሻው በፊት መለየት አለበት። ከቆጣሪው ቀጥሎ መግጠም ይህን በር ከመጀመሪያው ይዘጋዋል።

ከታንከሩ በፊት መግጠም ሌላም ችግር አለው፣ እርሱ ይብሳል። ራስ ሰር ማለስለሻ ራሱን የሚያድሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ነው። የጨው ውኃውን የሚስበው ያለ ሞተር፣ በራሱ በውኃው ግፊት ነው፤ ውኃው በጠባብ ቀዳዳ ሲሮጥ የሚፈጥረው መሳብ ጨዉን ከገንዳው ያመጣዋል። በዚያ ሌሊት ውኃው ቢቋረጥ፣ የማዞሪያው ራስ (ማለስለሻው አናት ላይ ያለው የውኃ ማዞሪያ ክፍል) ሰዓቱን ቆጥሮ ደረጃዎቹን ይጨርሳል፤ እጥበቱ ግን አልተካሄደም። ውኃው ሲመለስ ሬዚኑ ውስጥ የቀረው ጨው በቀጥታ ወደ ታንከርዎ ይገባል። በማግስቱ የምትጠጡት የጨው ውኃ ነው። በተጨማሪም ከተቋረጠ በኋላ የሚመለስ ውኃ አየርና ዝቃጭ እየገፋ ይመጣል፣ ሁለቱም ለሬዚኑ ጠላት ናቸው።

እንግዲህ ከታንከሩ በኋላ ነው። እዚህ ደግሞ ግፊት ይጎድልዎታል። የ10 ሜትር ከፍታ ውኃ 1 ባር ነው። ታንከርዎ ከማለስለሻው 4 ሜትር ከፍ ቢል 0.4 ባር አለዎት፣ የተለመዱት ማለስለሻዎች ግን ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋሉ። በ0.4 ባር ውኃው ሬዚኑ ውስጥ አልፎ ሊወርድ ይችላል፤ ጨዉ ግን አይሳብም። ማለስለሻው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በሚገባ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ተራ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ከታንከሩ በኋላ ሩቢኔት ሲከፈት ራሱን የሚያስነሳ፣ ከ2 እስከ 3 ባር የሚሰጥ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑ ታንከሩ ባዶ ሲሆን ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ያለው ይሁን። ለፓምፕ ማውጣት የማይፈልጉ ከሆነ ማለስለሻውንም አይግዙ፤ ይህን በጥብቅ ነው የምለው።

አሁን ወደ ያዝኳት ነጥብ ልመለስ። ኖራ የሚጋገረው ውኃው በሚሞቅበት ቦታ ከሆነ፣ መላ ቤቱን ማለስለስ ለምን አስፈለገ? የመጸዳጃ ቤት ማፍሰሻ፣ የግቢ ማጠቢያ፣ የወጥ ቤት ቀዝቃዛ ውኃ ሁሉ ጨው ይበላሉ እንጂ ምንም አይጠቀሙም። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን መስመር እና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ቀዝቃዛ መግቢያ ብቻ ያለስልሱ። ማሽኑን የምጨምረው አብዛኞቹ ቀዝቃዛ ውኃ ተቀብለው በውስጣቸው ስለሚያሞቁ፣ እነርሱም የራሳቸው ኤለመንት ስላላቸው ነው። የዚህ ምርጫ ጉድለት ሻወር ላይ ይታያል፤ ሙቁ ለስላሳ፣ የሚቀላቀለው ቀዝቃዛ ጠንካራ ስለሚሆን ሳሙናው አረፋ የሚያወጣው በከፊል ነው፣ መስታወቱ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ያ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዝቃዛ መስመር በኋላ መጨመር ትችላላችሁ። መስመሩን እርስዎ ስለዘረጉት የት እንደሚያልፍ ያውቁታል፤ ለብዙ ሰው አስቸጋሪ የሚሆነው ይህ ነበር።

መጠኑንም ይህ ምርጫ ይወስነዋል። 5 ሰዎች በቀን በሰው 120 ሊትር ቢጠቀሙ 600 ሊትር ነው፤ በ300 ጥንካሬ ሲባዛ በየቀኑ 180 ግራም የሚያዝ ጥንካሬ ይሆናል። የሙቅ መስመሩና የማሽኑ ድርሻ 250 ሊትር ገደማ ቢሆን ግን 75 ግራም ብቻ ነው። 1 ሊትር ሬዚን በ100 ግራም ገደማ ጨው ሲታደስ ወደ 46 ግራም ጥንካሬ ይይዛል፤ ስለዚህ 15 ሊትር ሬዚን ያለው መሣሪያ 690 ግራም ይዞ 9 ቀን ያህል ይቆያል፣ ለመጠባበቂያ 8 ብለው ያስቡት። በእያንዳንዱ እድሳት የሚበላው ጨው 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። ሻጮች በሳጥኑ ላይ የሚጽፉት ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተገኘው በሊትር ሬዚን 240 ግራም ጨው ተጨምሮ ነው። እንዲያ ሲሆን የሚይዘው ወደ 69 ግራም ያድጋል፤ ጨዉ 2 እጥፍ ተኩል ሆኖ ሥራው አንድ ተኩል ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ጨው ቶሎ ቶሎ ማደስ ይሻላል። የፍጥነቱ ወሰንም አለ፤ 15 ሊትር ሬዚን በደቂቃ 10 ሊትር ያህል በደንብ ያለሰልሳል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሙቅ ሻወር ቢወስድ ይችለዋል፣ ሦስተኛ ከተጨመረ ጥቂት ጠንካራ ውኃ ያመልጣል። ሲገዙ ደግሞ እድሳቱን በቀን ቆጠራ የሚያደርገውን ትተው የፈሰሰውን ሊትር የሚቆጥረውን ይምረጡ። የውኃ አጠቃቀማችሁ እንደ ውኃው አመጣጥ የሚለዋወጥ ቤት ናችሁና።

ወደ ገጠማው እንሂድ። ቅደም ተከተሉ ከታንከሩ፣ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያ የወጥ ቤት፣ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ቤት ቀዝቃዛውና የግቢው መስመር የሚገነጠሉበት ቲ፣ ቀጥሎ የዝቃጭ ማጣሪያ፣ ከዚያ ማለስለሻው፣ በመጨረሻ ቦይለሩና ማሽኑ ነው። የዝቃጭ ማጣሪያው ከታንከር ለሚመጣ ውኃ አማራጭ አይደለም፤ ታንከር ሥር የሚጠራቀመው ደለል ሬዚኑን ያፍነዋል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነና ሲቆም ወደ ቡናማ የሚዞር ከሆነ ብረት አለበት። ብረቱ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ካለፈ ከማለስለሻው በፊት በራሱ ማጣሪያ እንዲወገድ እመክራለሁ። እንክብሉን የሸፈነ ብረት በጨው ብቻ አይለቅም።

ባይፓሱን (ውኃው ማለስለሻውን ዘሎ የሚያልፍበትን መስመር) አይተዉት። ሦስት ቦል ቫልቭ ነው፦ አንዱ መግቢያው ላይ፣ አንዱ መውጫው ላይ፣ ሦስተኛው ሁለቱን በሚያገናኘው አቋራጭ ላይ። መሣሪያው ሲበላሽ ቤቱ ውኃ ሳያጣ ለመፍታት የሚያስችልዎ ይህ ነው። በሁለቱም ወገን ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ) ያስገቡ፤ አለዚያ ለጥገና በተፈታ ቁጥር ፒፒአር መቁረጥ ይሆናል። ከማለስለሻው በኋላ ናሙና የሚወስዱበት ትንሽ ሩቢኔት ቢጨምሩ ለመለካት ይጠቅማል።

የፒፒአር ብየዳው ማሽን 260 ዲግሪ ነው፣ የማለስለሻው ራስ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ በብረት ጥርስ የሚያልቀውን መገጣጠሚያ ለብቻው በይደው ያቀዝቅዙ፣ ራሱ ላይ የሚያስሩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚያው ታስሮ ሳለ አይበይዱ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ብቻ ይጠምጥሙ፤ ቃጫና ቅባት ፕላስቲኩን ይሰነጥቃሉ። በእጅ እስኪጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ጥቂት፤ በጂራቱቦ ሙሉ ክንድ የተጠበቀ የፕላስቲክ ጥርስ ከሳምንታት በኋላ በሌሊት ይፈነዳል። አንድ ወጥመድ አለ፦ የጥርስ ዓይነት ሁለት ነው፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ። በግማሽና በ3 አራተኛ ኢንች መጠን ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይገጥማሉ፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 55 እና 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በእጅ ጥሩ አድርጎ የገባው ቧንቧ ግፊት ሲያገኝ ያልባል። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን መገጣጠሚያ ከሳጥኑ አውጥተው አይጣሉት።

መግቢያና መውጫ በማለስለሻው ራስ ላይ በቀስት ተለይተዋል፤ በየሞዴሉ ግራና ቀኙ ስለሚቀያየር በልማድ አይሥሩት። እኔ የገጠምኩት የመጀመሪያው ማለስለሻ ተገልብጦ ነበር። ውኃው በመሐሉ ቧንቧ ወርዶ ሬዚኑን ከታች ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ቤት ገፋው፤ ከሻወሩ ወንፊት ወርቃማ እንክብል በመርፌ ስለቅም ሁለት ምሽት አሳልፌያለሁ። ያስተማረኝ ያ ወንፊት ነው።

ቤቱ አሮጌ የብረት ቧንቧ ያለው ከሆነ፣ ወይም በመሐሉ የቀረ የብረት ቁራጭ ካለ፣ ከመቁረጥዎ በፊት የኤሌክትሪክ ግራውንዱ በእርሱ በኩል እንዳልታሰረ ያረጋግጡ። በአንዳንድ ቤት የመከላከያ ሽቦው ቧንቧው ላይ ነው፤ መሐሉን ቆርጠው ፕላስቲክ ካስገቡ መከላከያው ይቋረጣል፣ እጅዎም በሁለቱ ጫፎች መካከል ሽቦ ሊሆን ይችላል። ታስሮ ካገኙት ሥራውን አቁመው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በጎን ሽቦ እንዲያገናኘው ያድርጉ። ይህ በራስ የሚሠራ አይደለም።

የፍሳሹ መስመር ላይ ሁለት ቱቦ አለ፣ ሰዎች አንድ ላይ አስረው ይሳሳታሉ። አንዱ ከማለስለሻው ራስ የሚወጣው የእጥበት ፍሳሽ ሲሆን በግፊት ይወጣል። ሌላው ከጨው ገንዳው ጎን የሚወጣው የትርፍ ማፍሰሻ ነው፤ በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። ሁለቱን በቲ ካገናኟቸው የእጥበቱ ፍሳሽ ወደ ጨው ገንዳው ይመለሳል፣ ገንዳውም ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ለየብቻ ያውርዷቸው። የእጥበቱን ቱቦ ጫፍ ደግሞ ፍሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ አያስገቡ፤ ከአፉ በላይ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ያህል የአየር ክፍተት ትተው ያስሩት። ግፊት ሲወርድ ቧንቧ መሳብ ይጀምራል፣ የተነከረ ቱቦም ፍሳሹን ወደ ቤቱ ውኃ ይስባል። በአንድ እድሳት ከ100 ሊትር በላይ የሚፈስ ስለሆነ ጉድጓዱ ያን መጠን መቀበል እንደሚችል አስቀድመው ባልዲ እየደፉ ይሞክሩት።

ከማለስለሻው እስከ ቦይለሩ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ቧንቧ ይኑር። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የሰፋውም ወደ መጣበት ይገፋል፤ ትኩስ ውኃ የማለስለሻውን ራስ ፕላስቲክና ማሸጊያ ያበላሻል። ቦታው ካጠረ የማይመልስ ቫልቭ ይግባ፤ ያኔ ግን የሰፋው ውኃ መሄጃ ስለሌለው የቦይለሩ የደኅንነት ቫልቭ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ተበላሸ ብለው አይድፈኑት። የተደፈነ የደኅንነት ቫልቭ ያለው ቦይለር ፈንጂ ነው። መፍትሔው የመስፋፊያ ገንዳ መጨመር ነው።

ማስጀመሪያው ላይ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ማለስለሻውን በባይፓስ ትተው መስመሩን ያጥቡት፤ የፒፒአር ፍርፋሪው ወጥቶ ይሂድ። ከዚያ የማለስለሻውን ራስ ወደ ግልባጭ እጥበት ያዙሩትና የመግቢያውን ቫልቭ ሩቡን ብቻ ይክፈቱ። ውኃው ከታች ቀስ ብሎ እየሞላ አየሩን በፍሳሹ ያስወጣል፤ በአንዴ ከተከፈተ አየሩ ሬዚኑን ይዞ ይወጣል። አዲስ ሬዚን መጀመሪያ ቢጫማ ውኃ ስለሚሰጥ እስኪጠራ ድረስ ያፍስሱት። ቁጥሩን ሲያስገቡ ደግሞ መሣሪያው የሚጠይቀውን መለኪያ ይዩ፤ አንዱ ሚሊ ግራም በሊትር፣ ሌላው የጀርመን ዲግሪ፣ ሌላው በጋሎን ግሬን ይላል። 1 የጀርመን ዲግሪ 17.8፣ 1 ግሬን 17.1 ሚሊ ግራም ነው። 300 ሚሊ ግራም ወደ 17 ግሬን ተኩል ነው፤ ግሬን በሚጠይቅ መሣሪያ ላይ 300 ብለው ከጻፉ በየቀኑ ሲታደስና ጨው ሲጨርስ ያገኙታል። በእድሳት መሐል መብራት ቢጠፋ የማለስለሻው ራስ ባለበት ይቆማል፣ ውኃውም ወደ ፍሳሽ መሄዱን ሊቀጥል ይችላል። ፓምፑም አብሮ ቢቆም ውኃው ከታንከሩ በራሱ ክብደት ሊወርድ ስለሚችል የእርስዎ ገጠማም ከዚህ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ አይደለም፤ መብራቱ ሲመለስም እድሳቱ ካቋረጠበት መቀጠሉን ይዩ።

በማግስቱ ከናሙናው ሩቢኔት በጠብታው ይለኩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወዲያው ሰማያዊ ካደረገችው ጨርሰዋል። ቁጥሩ በግማሽ ብቻ ከወረደ ሬዚኑን ከመጠርጠርዎ በፊት የባይፓሱን ሦስተኛ ቫልቭ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተዘጋው እርሱ ነው።

ለስላሳ ውኃ የድሮውን ኖራ ያጥበዋል ብለው አይጠብቁ። ማለስለሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦይለሩን ከመብራት ነቅለው፣ አፍስሰው፣ ኤለመንቱን አውጥተው በሆምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ያጽዱት። በዚያው የማግኒዥየም ዘንጉን ይዩ፤ ታንኩን ከዝገት ለማዳን ራሱ የሚበላው ዘንግ ነው፣ በለሰለሰ ውኃ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ይፈትሹት። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ተደርጎ ከሆነ ወደ 60 ያውርዱት፤ ኖራው በሙቀቱ ልክ ነው የሚበዛው። ከዚያ በታች ግን በተጠራቀመ ሙቅ ውኃ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ስላሉ አያውርዱት። ቧንቧው ላይ ስለሚታሰር ማግኔት ከጠየቁኝ፣ አልገዛውም። ካልሲየሙን አያወጣም፤ ቤት ውስጥ ሲሠራም አስተማማኝ ውጤት አላየሁበትም።

የወጥ ቤት ጨው ያሉት ነገር፦ በኬሚስትሪው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ አያበላሽም። ችግሩ ድቀቱ ነው። የደቀቀ ጨው ገንዳው ሥር እንደ ጭቃ ይረጋና የመሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል። ያልነጻ የድንጋይ ጨው ደግሞ ከውስጡ አፈር ስላለው በየጊዜው ገንዳ ማጠብ ያመጣል። ለማለስለሻ ተብሎ በክኒን መልክ የተጨመቀውን ይግዙ፣ ካጡም ጥሬው ትልልቅ የሆነውን ንጹሕ ጨው እንጂ የደቀቀውን አይጨምሩ። 1 ሊትር ውኃ 360 ግራም ያህል ጨው ስለሚያሟሟ ለ1.5 ኪሎ 4 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ውኃ ይበቃል፤ ገንዳው ውስጥ ውኃው ከጨዉ በላይ ቆሞ ካዩ የሆነ ነገር ተሳስቷል። በወር አንዴ በእንጨት ዱላ ጨዉን ወጋ ያድርጉት። ከላይ ሙሉ መስሎ ከሥሩ ባዶ የሆነ ድልድይ ይሠራል፤ ውኃው ጨው ሳይነካ ይቀራል፣ እርስዎም ጨው አለ ብለው ወራት ያልፋሉ። ዱላው ከቆመበት ድንገት ወደ ታች ከወረደ ድልድዩን ሰበሩት ማለት ነው፤ የዚያኑ ሌሊት በእጅ አንድ እድሳት ያስጀምሩ።